የሞተረኛ ጥሩር

በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ ጽሑፍ ስለ አንድ ልብስ ነው። ልብስ ስንል ለዐይን የሚያምረውን ማለታችን አይደለም፤ በሞተር ብስክሌት የሚጓዝ ሰው ከአንገቱ በታች ከሆዱ በላይ ስለሚለብሰው የደረት መከላከያ ማለታችን ነው። ለሰንበት ትምህርት ቤት ጽሑፍ ርእሱ እንግዳ የሚሆንበት አንባቢ ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ እሑድ በጉባኤ ሰዓት ከቅጥሩ ውጭ ተደርድረው የሚቆሙትን ሞተሮች ያየ ሰው ነገሩ የማን እንደ ሆነ አይጠይቅም። ከወንድሞቻችን መካከል ከሐይቅ ወደ ውጫሌ፥ ወደ ቢስቲማ፥ ወደ ሱሉላ ሰውና ዕቃ እያመላለሱ ወላጆቻቸውን የሚጦሩ አሉ። በመሥሪያ ቤት ሞተር ቀበሌ ለቀበሌ የሚዞሩም አሉ። የቀረነውም ብንሆን ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት በመጣን ቁጥር ከእነርሱ ኋላ ተፈናጥጠን የምንሄድ ነን።

ባለፈው የአባላት ስብሰባ ለእነዚህ ወንድሞች ከመዋጯችን አንድ ነገር ይገዛላቸው የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ምን ይገዛ? በሚለው ላይ ግን ሳንስማማ መሸ። ግማሾቻችን የራስ ቁር አልን፤ ግማሾቻችን ደግሞ «የራስ ቁርማ አላቸው፤ የጎደለው የደረቱ ነው» አልን። ገንዘቡ ትንሽ በመሆኑ ክርክሩ ትልቅ ሆነ። በመሆኑም ከመወሰኑ በፊት ነገሩ ተጠንቶ እንዲቀርብ ለትምህርት ክፍላችን ተሰጠ። የሚከተለው ያገኘነው ነው።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። በሱቅ «ቼስት ጋርድ» ይሉታል እንጂ ለዕቃው አማርኛ አልጎደለውም። ጦረኛ በደረቱ ላይ የሚለብሰውን የብረት ልብስ አባቶቻችን ጥሩር ይሉት ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ኤፌሶን ሰዎች በላከው መልእክት፥ በምዕራፍ 6፥ የወታደሩን ትጥቅ ሲዘረዝር የራስ ቁሩንም ጥሩሩንም አብሮ ጠርቷቸዋል። እኛም ከዚህ በኋላ ዕቃውን ጥሩር እያልን እንጠራዋለን፤ አጭር ነው፥ የራሳችንም ነው።

አሁን መንገዱን እንመልከት። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የእኛ ሐይቅ ከእርስዋ በስተ ሰሜን ወደ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ በከፍታም ብዙ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ ከቦሩ ሜዳ ወዲህ ያለው ጉዞ ቁልቁለትና ጥምዝምዝ ነው። መንገዱም የሠፈር መንገድ አይደለም፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ፥ በሐይቅ፥ በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ስሟ በዓለም በታወቀው በውጫሌ፥ በመርሳና በወልድያ አልፎ ወደ መቀሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ነው። ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» እያለ የሚጠራው ሲኖትራክ፥ አይሱዙው፥ ሚኒባሱ፥ ባጃጁ፥ ግመሉ፥ ፍየሉና ከትምህርት ቤት የሚመለሱት ሕፃናት ሁሉ በዚያው አስፋልት ላይ ይገናኛሉ። በክረምት ጉም ይወርዳል፤ አስፋልቱም ከዝናቡ በኋላ ከኮረብታው የወረደ አፈርና ጠጠር ለብሶ ይቆያል። ጥቅምት 17 እና ጥር 1 ቀን የእስጢፋኖስ በዓል ሲውል ደግሞ በአንድ ሞተር ሦስትና አራት ሰው ተጭኖ ወደ ገዳሙ ሲጎርፍ በየዓመቱ እናያለን።

የአገራችን ሞተረኛ ደረቱን መሸፈን እንዳለበት ፈጽሞ አያውቅም ብንል ግን እውነት አይሆንም። ያውቃል፤ የሚሸፍነው ግን ከብርድ ነው። ጃኬቱን ገልብጦ ጀርባውን ወደ ፊት አድርጎ ይለብሳል፤ ከሹራቡ ሥር ካርቶን ወይም ጋዜጣ የሚያስገባም አለ። እናቶቻችንም «ደረትህን ሸፍን፥ ብርድ እንዳይመታህ» ብለው ይሸኙናል። ይህ ምክር ዋጋ የለውም ልንል አንችልም። በ10 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በነፋሱ የተነሣ ሰውነቱ የሚሰማው ቅዝቃዜ 5 ወይም 6 ዲግሪ እንደ ሆነ ያህል ነው። የበረደው ሰው ጣቱ ይደነዝዛል፤ የደነዘዘ ጣት ደግሞ ፍሬን ለመያዝ ይዘገያል። የሳንባ ምችን የሚያመጡት ተሕዋስያን እንጂ ነፋሱ ራሱ አለመሆኑን በዚህ አጋጣሚ ለእናቶቻችን በትሕትና ብንነግራቸው መልካም ነው፤ ጃኬቱን ግን አታውልቁ። ለማለት የፈለግነው፥ ካርቶኑ ነፋስን ያቆማል፤ መሪን፥ ድንጋይንና የመኪና ጎንን ግን አያቆምም።

ከመካከላችን አንዱ ወንድማችን ከውጫሌ ሲመለስ ድንገት የገባችበትን ፍየል ለማዳን ሲል ወደቀ። ፍጥነቱ ብዙ አልነበረም። የራስ ቁሩ ጭረት እንኳ አላገኘውም። የመሪው ጫፍ ግን ከግራ ጡቱ በታች ደግፎ ያዘው። ቆዳው አልተቀደደም፥ ደም አልታየም። «ምንም አልሆንሁም» ብሎ ሞተሩን አነሣ፤ የፍየሏ ባለቤት ያቀረበችለትን ውኃ ጠጥቶ፥ እያነዳ ቤቱ ገባ። ማታ ትንፋሽ አጠረው። ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ሦስት የጎን አጥንቶቹ ተሰብረው፥ በሳንባውና በደረቱ ግድግዳ መካከል አየር ገብቶ ሳንባውን ጨፍልቆት ተገኘ። ቱቦ ገባለትና ዳነ። ያን ዓመት ግን ከመዘምራን ጋር ቆሞ ረጅሙን ዜማ በአንድ ትንፋሽ መጨረስ አልቻለም። «የጎደለው የደረቱ ነው» ያለውም እርሱ ነበር።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ ለመረዳት የደረትን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ሰው 12 ጥንድ የጎን አጥንቶች አሉት። ከፊት አብዛኞቹ በልም አጥንት አማካይነት ከፍርምባው ጋር ይያያዛሉ። ይህ ሳጥን እንደ ራስ ቅል ደረቅ አይደለም፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ መስፋትና መጥበብ ስላለበት ተጣጣፊ ሆኖ ተሠርቷል። በውስጡ ልብ፥ ሁለቱ ሳንባዎችና ከልብ የሚወጣው ታላቁ የደም ሥር አሉ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ደግሞ በታችኞቹ የጎን አጥንቶች ሥር በቀኝ ጉበት፥ በግራ ጣፊያ የተሸሸጉ መሆናቸውን ነው። ስለዚህ በግራ ጎኑ የተመታ ሰው ጣፊያው ተቀዶ ወደ ሆዱ ውስጥ ሲደማ፥ ከውጭ ግን አንዳች ነገር ላይታይበት ይችላል። የተሰበረ የጎን አጥንት ጫፉ ወደ ውስጥ ሲዞር ሳንባን ይወጋል። አጥንቱ ባይሰበር እንኳ ምቱ ሳንባውን ሊያደማው፥ የልብንም አመታት ሊያውከው ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጨምረን ማለፍ እንፈልጋለን። ሕፃን ልጅን ከፊት በሰልባቲዮው ላይ አስቀምጦ መንዳት በእኛ ዘንድ እንደ ፍቅር ይቆጠራል። የሕፃን የጎን አጥንት እጅግ ለስላሳ ስለ ሆነ ሳይሰበር ይጎብጥና ምቱን በሙሉ ለሳንባው ያሳልፈዋል። ሞተሩ በድንገት ሲቆም ልጁ በመሪውና በአባቱ ደረት መካከል ይገኛል። አባትየው ለልጁ መከላከያ ሊሆንለት አይችልም፤ ይባስ ብሎ በልጁ ላይ የሚያርፍ ክብደት ይሆናል።

ስለ ጥሩሩ አሠራር ስናስብ ከገዳማችን የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን ካቀኑ በኋላ ቦታው የመጻሕፍት ቤት ሆኖ መኖሩን ሁላችንም ተምረናል። በእርሳቸው ዘመን የተጻፈው ወንጌል ከ700 ዓመት በላይ ኖሯል። እንዲህ ያለው የብራና መጽሐፍ እንዴት እንደሚጠበቅ ልብ ብላችሁ ተመልክታችኋል? ብራናው በሁለት የእንጨት ገበታ መካከል ይጠረዛል፤ ገበታው ቆዳ ይለብሳል፤ ሁሉም በማኅደር ገብቶ ይሰቀላል። ገበታው ደረቅ ስለ ሆነ በአንድ ነጥብ ላይ ያረፈውን ምት በሰፊው ያካፍለዋል። ቆዳውና ማኅደሩ ደግሞ ለስላሳ ስለ ሆኑ ምቱን ያዘገዩታል። ጥሩ የሞተረኛ ጥሩርም ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም፤ ከላይ ደረቅ ፕላስቲክ፥ ከሥሩ ምትን የሚውጥ ልዩ ስፖንጅ አለው። አንዳንዱ ሲነካ እንደ ሊጥ ለስላሳ ሆኖ ሲመታ ብቻ የሚጠጥር አንድ ወጥ ነገር ነው።

ማዘግየት ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ በቁጥር እንየው። 5 ኪሎ የሚመዝን ድንጋይ ከ1 ሜትር ከፍታ ቢወድቅ 50 ጁል ያህል ጉልበት ይዞ ይደርሳል። ይህ ጉልበት በ2 ሚሊ ሜትር ርቀት ውስጥ እንዲቆም ከተገደደ የሚፈጥረው ኃይል በአማካይ 25 ሺህ ኒውተን ይሆናል፤ ይኸውም ከ2 ቶን ተኩል ክብደት ጋር የሚመጣጠን ነው። በ1 ሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ እንዲቆም ቢፈቀድለት ግን 5 ሺህ ኒውተን ብቻ ይሆናል። ድንጋዩ ያው፥ ከፍታው ያው፤ ልዩነቱ የ8 ሚሊ ሜትር ስፖንጅ ነው።

አውሮፓውያን የሞተረኛን መከላከያ የሚፈትኑትም ከዚሁ ጋር በሚመሳሰል መንገድ ነው። መለኪያው በላቲን ፊደል «ኢ ኤን 1621» ተብሎ ይጻፋል። ክፍል 1 የትከሻ፥ የክርን፥ የዳሌና የጉልበት፤ ክፍል 2 የጀርባ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ክፍል 3 ደግሞ የደረት ነው። ለምሳሌ የጀርባው መከላከያ በ50 ጁል ሲመታ ወደ ውስጥ የሚያሳልፈው ኃይል በአማካይ ከ18 ሺህ ኒውተን ካልበለጠ አንደኛ ደረጃ፥ ከ9 ሺህ ካልበለጠ ሁለተኛ ደረጃ ይሰጠዋል። እንደ ትምህርት ቤት ውጤት አንደኛው ይበልጣል ብላችሁ እንዳትሳሳቱ፤ የሚሻለው ሁለተኛው ነው። ይህን ምልክት የያዘ ዕቃ በውስጠኛው ጨርቅ ላይ ቁጥሩና የሞተረኛ ሥዕል ታትሞበት ይገኛል።

በገበያ ላይ ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ዕቃ አለ። በሜዳና በጭቃ የሚወዳደሩ ሞተረኞች የሚለብሱት፥ ደምቆ የሚታይ የፕላስቲክ ጋሻ ነው። የእርሱ መለኪያ «ኢ ኤን 14021» ሲሆን የተሠራው ከፊት ያለው ሞተር ጎማ ከሚወረውረው ጠጠር ለመከላከል ነው። ለጠጠር የተሠራ ነገር ለመውደቅ አይሆንም። ሁለቱ ከሩቅ ሲታዩ ወንድማማች ይመስላሉ፤ እንዲያውም የጠጠሩ የበለጠ ጀግና ያስመስላል፤ ስለዚህ ይመስለናል ወጣቱ እርሱን የሚመርጠው።

ታዲያ ጥሩር የለበሰ ሰው አይሞትም ማለት ነውን? አይደለም። ይህን ሳንናገር ብናልፍ ወንድሞቻችንን ማታለል ይሆንብናል። 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ 4,000 ጁል ያህል ጉልበት ይዞ ነው የሚሄደው፤ መፈተኛው ግን 50 ነው። በሌላ አነጋገር፥ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከግድግዳ ጋር መጋጨት ከ6 ሜትር ከፍታ እንደ መውደቅ ነው። በ60 ከ14 ሜትር፥ በ80 ደግሞ ከ25 ሜትር ይሆናል። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲያድግ ከፍታው አራት እጥፍ ያድጋል ማለት ነው። ከሲኖትራክ ግንባር ጋር በ80 የተገናኘን ሰው የትኛውም ጥሩር አያድነውም። ደግነቱ ብዙው አወዳደቅ እንዲህ አይደለም። ሞተረኛው ተንሸራቶ ይወድቃል፤ ጉልበቱ በአስፋልቱ ላይ በመፈተግ ቀስ በቀስ ያልቃል፤ ደረቱን የሚያገኘው ከመቀመጫው ከፍታ የመውደቁ ምት፥ የመሪው ጫፍ ወይም የመንገድ ዳር ድንጋይ ነው። ጥሩሩ የተሠራው ለዚህ ነው። የእኛ ወንድም የወደቀውም እንዲህ ነበር።

ጥናቱስ ምን ይላል? በአውስትራሊያ 212 አደጋ የደረሰባቸውን ሞተረኞች ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት፥ መከላከያ የተገጠመበት ልብስ የለበሱት በላይኛው አካላቸው ላይ የመቁሰል ዕድላቸው በ23 ከመቶ ያህል ያነሰ መሆኑን አግኝቷል። ሆኖም በዚያው ጥናት ውስጥ መከላከያው የአጥንት ስብራትን እንደ ቀነሰ አልታየም። እንዲህ ያለውን ውጤት ሻጭ አይነግራችሁም። እኛ የምንረዳው፥ ልብሱ መፋቅን፥ መቀደድንና መቀጥቀጥን እንደሚቀንስ፥ በከባዱ ምት ላይ ግን ወሰን እንዳለው ነው። በሞተር ውድድር ዓለም ይህ ወሰን ስለ ታወቀ፥ ሞቶ ጂፒ በሚባለው ታላቅ ውድድር ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአደጋ ጊዜ በአየር የሚነፋ ልብስ ግዴታ ሆኗል። ለተራው ሞተረኛም በገመድ ከሞተሩ ጋር የሚያያዝ ሰደርያ አለ፤ ሰውየው ከመቀመጫው ሲወረወር ገመዱ ተስቦ ትንሽ የጋዝ ቆርቆሮ ይከፍትና ሰደርያው በቅጽበት ይነፋል። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን አንድ ጊዜ ከተነፋ በኋላ ቆርቆሮው በሌላ መተካት አለበት። ያንን በሐይቅ ገበያ ከየት እናገኘዋለን? ረስቶ ገመዱን ሳይፈታ የወረደ ሰው የሚሆነውንም ስናስብ ሳቅ ይመጣብናል።

የራስ ቁርን በተመለከተ ማስረጃው ከዚህ እጅግ የጠነከረ ነው። በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2008 በኮክሬን የታተመው ግምገማ፥ የራስ ቁር የሞትን አደጋ በ42 ከመቶ፥ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 ከመቶ እንደሚቀንስ ያሳያል። የነገሩ ታሪክም ደስ ይላል። «የዓረቢያው ሎውረንስ» እየተባለ የሚጠራው እንግሊዛዊው ቲ. ኢ. ሎውረንስ እ.ኤ.አ. በ1935 ራሱ ላይ ምንም ሳያደርግ ሞተር ሲነዳ ወድቆ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የነበረው ሂው ኬይርንስ ነገሩ ስላላስቻለው የሞተረኞችን የጭንቅላት ጉዳት ማጥናት ጀመረ፤ በ1941 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጽሑፍም በብሪታንያ ጦር ውስጥ መልእክት የሚያደርሱ ሞተረኞች የራስ ቁር እንዲያደርጉ ምክንያት ከሆኑት አንዱ ነበር። በአገራችንም በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ ደንብ ሞተረኛው የራስ ቁር እንዲያደርግ አዝዟል። ስለ ደረት የሚያስገድድ ግን አልነበረም።

በነገራችን ላይ፥ በአገራችን ስለ ሞተር በአደባባይ ብዙ የተነገረው በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሞተር ከመንገድ በታገደ ጊዜ ነው። ያኔ የተወራው ስለ ስርቆትና ስለ ጸጥታ ነበር፤ በኋላም ፈቃድ ላላቸው ተከፈተ። የሞተረኛው የጎን አጥንት የተነሣበት ቦታ አላጋጠመንም።

እንግዲህ ወደ ክርክራችን እንመለስ። የእኛ አስተያየት የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ የእያንዳንዱ ሞተረኛ ወንድም የራስ ቁር ይታይ። «አላቸው» የተባለው የራስ ቁር ብዙ ጊዜ በመሪው ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድ፥ ማሰሪያው የተበጠሰ ወይም ቀድሞ በወደቀበት ጊዜ የተሰነጠቀ ነው። ማሰሪያ የሌለው የራስ ቁር በአደጋ ጊዜ ከባለቤቱ ቀድሞ ይወርዳል። እንዲህ ያለ ካለ ገንዘቡ ለእርሱ ይዋል። ተሳፋሪውም ራስ አለውና ሁለተኛ የራስ ቁር ይጨመር። ከዚያ በኋላ የሚተርፈው ሁሉ፥ በየቀኑ በአውራ ጎዳናው ላይ ለሚውሉት፥ ለጥሩር ይዋል። ሁሉን በእኩል እናካፍል የሚለው ሐሳብ ለጆሮ ቢጥምም አንቀበለውም፤ በሳምንት አንድ ቀን የሚነዳውና በቀን አሥር ጊዜ ውጫሌ ደርሶ የሚመለሰው እኩል አይደሉም።

«እኛው ብንሠራውስ?» ያሉ ነበሩ። ከጀሪካን ተቆርጦ፥ ከቆርቆሮ ተቀጥቅጦ፥ የፍራሽ ስፖንጅ ተለጥፎበት ይሠራ የሚል ነው። የወጣቱን ብልሃት እናደንቃለን፤ ይህን ግን እንቃወማለን። ቆርቆሮ ሲታጠፍ ጠርዙ ቢላዋ ይሆናል። የፍራሽ ስፖንጅ በእጅ ሲጫኑት ደስ ይላል፤ ምት ሲያርፍበት ግን ወዲያው ታጥፎ ያልቅና ምንም ሳይውጥ ያሳልፋል። የጀሪካን ፕላስቲክ ለጠጠር ይበቃ ይሆናል። ከልባሽ ተራ የሚገኝ ያገለገለ ጥሩር ግን፥ ምልክቱ ካለበት፥ ካልተሰነጠቀና ስፖንጁ ካልደረቀ አዲስ ካልሆነ ብለን አንጥለውም። ጥሩሩ የማይገኝ ከሆነም ወፍራም፥ እስከ አንገት የሚቆለፍ የቆዳ ወይም የሸራ ጃኬት ከቲሸርት እጅግ ይሻላል።

ጥሩር ልክ ካልሆነ ከሌለው አይሻልም። ዳዊት ጎልያድን ለመግጠም በወጣ ጊዜ ሳኦል የራሱን የጦር ልብስ እንዳለበሰው፥ ዳዊትም ሞክሮት መራመድ ስላቃተው እንዳወለቀው በአንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 17 ተጽፏል። የሰፋ ጥሩር በወደቁ ጊዜ ዞሮ ደረትን ትቶ ብብት ሥር ይገኛል። የጠበበው ደግሞ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ አንገትንም አላዞር ብሎ ከኋላ የሚመጣውን መኪና ያስደብቃል። ልክ የሆነው ከአንገት ሥር ካለው ጎድጎድ እስከ ፍርምባው ጫፍ ይሸፍናል፤ ሁለቱንም እጅ ወደ መሪው ሲዘረጉ ጉሮሮን አይነካም፤ በጥልቅ ሲተነፍሱ አይጨንቅም። የሚለበሰውም ከጃኬቱ ሥር ነው። በደረት ኪስ ውስጥ እስክሪብቶ፥ ቁልፍ፥ ካቻቪቴ አይቀመጥ። ስልክም እንዲሁ። በወደቁ ጊዜ ምቱን በአንድ ነጥብ የሚሰበስቡት እነዚህ ናቸው።

ስለ ነጠላና ስለ ጋቢ ሳንናገር አናልፍም፤ ይህ የእኛው የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አደጋ ነው። ወደ ማኅሌት ወይም ወደ ቅዳሴ የሚሄድ ሰው ነጠላውን አጣፍቶ ከሞተር ኋላ ይቀመጣል። ጫፉ በነፋስ ተነሥቶ በካቴናው ወይም በጎማው ሽቦ ሲያዝ ጎማው ይጠቀልለዋል፤ በደረትና በአንገት ዙሪያ የተጠመጠመው ጨርቅ ሰውየውን ወደ ኋላ አንቆ ይጥለዋል። እኅቶቻችን በአንድ ጎን ሲቀመጡ አደጋው የባሰ ነው። ነጠላው ተጣጥፎ በቦርሳ ይያዝ፤ ቅጥሩ ዘንድ ሲደረስ ይለበስ።

የወደቀ ሰው ስናገኝ ምን እናድርግ? ደረቱ የተመታ ሰው ቆሞ ቢሄድም፥ «ምንም አልሆንሁም» ቢልም፥ ትንፋሹን እንይ። ሲተነፍስ የሚወጋው፥ ትንፋሽ የሚያጥረው፥ ደም የሚያስለው፥ ከንፈሩ የሚጠቁር፥ በላብ የሚጠመቅ፥ ግራ ጎኑን ወይም ሆዱን የሚያመው ከሆነ ሳይመሽ ወደ ሐኪም ይወሰድ። ደረቱን በመቀነት ወይም በነጠላ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ቀርቷል፤ ትንፋሹን ያሳጥረዋል እንጂ አይጠቅመውም። የሚበላ የሚጠጣ አይሰጠው፤ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላልና። ራሱን የሚያውቅ ከሆነና አንገቱን ወይም ጀርባውን ካላመመው፥ ለመተንፈስ በሚመቸው ሁኔታ ተደግፎ ይቀመጥ። አንገቱን ወይም ጀርባውን የሚያመው ከሆነ ሳይንቀሳቀስ ይቆይ።

ወጌሻን በተመለከተ ሰው እንዳንሰድብ ተጠንቅቀን እንናገራለን። ለወለምታ የሚታሹ፥ እጃቸው የተባረከ ሽማግሌዎች በአካባቢያችን አሉ፤ እናከብራቸዋለን። የተሰበረ የጎን አጥንት ግን በእጅ ሊታሽ አይገባውም። በቅቤ እየታሸ ሲጫኑት ጫፉ ሳንባን ሊወጋ ይችላል። የጎን አጥንት በራሱ ጊዜ፥ አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ሳምንት ገደማ ይጠግናል። ሐኪም የሚሰጠው የሕመም ማስታገሻም ሕመሙን ለማጥፋት ብቻ አይደለም፤ በሽተኛው ሳይፈራ በጥልቅ እንዲተነፍስና አክታውን እንዲያስወጣ ነው። ፈርቶ በትንሹ የሚተነፍስ ሰው ነው በኋላ የሳንባ ምች የሚይዘው። የእናቶቻችን ፍርሃት መሠረቱ ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ደረቱ የተመታ ሰው በእርግጥ ሲታመም አይተው ይሆናል።

በሚመጣው እሑድ ከጉባኤ በኋላ ሞተር ያላቸው ወንድሞች የራስ ቁራቸውን ይዘው በዛፉ ሥር እንዲቆዩ እንጠይቃለን። ማሰሪያውና ስንጥቁ ይታያል፤ የደረት ዙሪያና ከአንገት ሥር እስከ ፍርምባ ጫፍ ያለው ርዝመት ተለክቶ በስማቸው ይመዘገባል። የልብስ ስፌት ሜትር ያለው ሰው ይዞ ይምጣ። ከኋላ የምንፈናጠጠውም ብንሆን እንለካለን።